ቆጮ የምታመጣልን ሴት

ወልቂጤ የገባሁት በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ገደማ፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሆኜ፣ አምስተኛ ክፍል ለመማር ነው። ትውልዴ ቸሃ ነው። አባቴን አላውቀውም፤ ገና ድክ ድክ ሳልል ሞቷል። እናቴ ከእኔ ሌላ ልጅ አልነበራትም። መንደራችን አጠገብ ያለው ትምህርት ቤት ከአራተኛ ክፍል አያልፍም ነበርና፣ አዲስ አበባ የሚነግደው የአባቴ ታላቅ ወንድም «የወንድሜ ልጅ እዚህ አትቀርም» ብሎ ወልቂጤ ይዞኝ ሄደ፤ ከሚያውቃቸው የፍርድ ቤት ጸሐፊ ቤትም አስቀመጠኝ።

የጸሐፊው ባለቤት በር ላይ ተቀበሉን። በኋላ እትዬ እያልኩ ነው የጠራኋቸው። አጎቴ «ልጄ ናት፤ አደራ» አላቸው። ውሸት አልነበረም፤ በእኛ አገር የወንድም ልጅ ልጅ ነው። እሳቸው ግን ከላይ እስከ ታች አዩኝና «እናቷ እንዴት ጨከነች? አዲስ አበባን የመሰለ ከተማ እያለ?» አሉ። አጎቴን የጭነት መኪናው ሹፌር በጡሩምባ ያጣድፈው ነበር፤ ሳቅ ብሎ ሳይመልስ ሄደ። እትዬ መልሱን ከእኔ ጠበቁ።

«አየሩ አልተስማማኝም» አልኩ።

አዲስ አበባን በዓይኔ አይቼው አላውቅም ነበር።

ለምን እንዲያ እንዳልኩ ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄአለሁ። ቤቱ ያስፈራ ነበር መሰለኝ። ግድግዳው በጋዜጣ የተለበጠ ነው፤ በመስታወት ቁም ሣጥን ውስጥ እንግዳ ሲመጣ ብቻ የሚወጡ ስድስት ብርጭቆዎች ተደርድረዋል። እትዬ አንድ ጥሩ ነጠላ ነበራቸው። አጥበው ሲያሰጡት ጥለቱን ወደ መንገዱ ያዞሩታል፣ አላፊ አግዳሚው እንዲያየው። የጸሐፊው ሸሚዝ ኮሌታ ሲያልቅ ይፈታና ተገልብጦ ይሰፋል፤ ከውጭ ለሚያየው አዲስ ነው። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ የእንሰት ፋቂ ልጅ ነኝ ማለት ከበደኝ።

ትምህርት ቤት ደግሞ ባሰ። በመጀመሪያው ሳምንት መምህሩ አስነሥተው አስነበቡኝ። ምንባቡ ስለ ገና በዓል ነበር። በእኛ ቋንቋ ድምፅ ጠብቆ አይነገርም፤ ስለዚህ «ገና» የሚለውን አላልቼ፣ «ገና ነው» እንደሚባለው አድርጌ አነበብኩት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ አንድ ወር ሙሉ «ገና ነሽ?» እያሉ ሲጠሩኝ ከረሙ። ውኃ ስቀዳ፣ መንገድ ስሄድ፣ የሚጠብቁትን ቃላት ከንፈሬን እየነከስኩ ተለማመድኩ። በስድስት ወር ውስጥ ማንም እንዳይለየኝ ሆንኩ። ለሚጠይቀኝ ሁሉ አባቴም እናቴም አዲስ አበባ ናቸው፤ አነጋገሬ መጀመሪያ ላይ የተበላሸው አያቴ ዘንድ ጥቂት ስለቆየሁ ነው እል ነበር። ያን ጊዜ የቅርብ ጓደኛ አገኘሁ፤ የፖሊስ መቶ አለቃ ልጅ። አብረን እንቀመጣለን፣ አብረን እንመለሳለን።

እናቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ልታየኝ የመጣችው ያኔ ነው። የገበያ ቀን ነበር። ከትምህርት ቤት ስንወጣ በሩ አጠገብ፣ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ አዝላ ቆማለች። ጎህ ሲቀድ ተነሥታ በእግሯ ነው የመጣችው። የለበሰችው የመስቀል ልብሷን ነበር፤ በዓመት አንዴ ከሣጥን የሚወጣውን ነጩን ቀሚስ። ፀጉሯን ቅቤ ተቀብታለች። ስታየኝ ፊቷ ሁሉ በራ፤ እጇን ዘርግታ ወደ እኔ መራመድ ጀመረች።

ጓደኛዬ «ማናት?» አለችኝ።

«ቆጮ የምታመጣልን ሴት ናት።»

በአማርኛ ነው ያልኩት። እናቴ አማርኛ አትሰማም ብዬ አስብ ነበር። ትሰማ ነበር። የተዘረጋው እጇ መንገድ ላይ ቀረ። እጇን መልሳ የጀርባዋን ጭነት ፈታች፤ መሬት ላይ አሳርፋው፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ በተሰባበረ አማርኛ «እሜቴ ያዘዙትን አምጥቻለሁ፤ ውሰጂና ስጪልኝ» አለችኝ።

ጓደኛዬ አነጋገሯን ሰምታ በእጇ አፏን ይዛ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ለመሳቅ የፈለግሁ አይመስለኝም፤ ግን ሳቅሁ። እናቴ ዞራ ወደ ገበያው ወረደች። ከኋላዋ የነጭ ቀሚሷ ጫፍ በመንገዱ አቧራ ቀልቷል።

ቤት ደርሼ እትዬ ጥቅልሉን ሲፈቱት፣ ከቆጮው መሐል በትንሽ ጨርቅ የተቋጠረ ቆሎና ቅቤ ወጣ። «ይኼን ደግሞ ማን ላከው?» አሉኝ። ያንኑ ውሸት ደገምኩት፤ አዲስ አበባ ያሉት ወላጆቼ ያዘዟት ሴት ናት አልኩ። ቆሎውን ማንም ሳያየኝ ጓሮ ሄጄ በላሁት። ለእኔ ብላ ሌሊቱን እንደቆላችው አውቄአለሁ።

ትቀየመኛለች፣ ከእንግዲህ አትመጣም ብዬ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት የገበያ ቀን ግን እትዬ ቤት ጓሮ በር ላይ ድምጿን ሰማሁ። ብቅ ስል ነጩን ቀሚስ አልለበሰችም። እንሰት የምትፍቅበትን አሮጌ ልብሷን ለብሳ፣ ወገቧን በመቀነት ጠፍራ፣ ልክ ገበያ ላይ ተደርድረው እንደሚቀመጡት ሴቶች ሆና ነው የመጣችው። ውሸቴን ልብስ አለበሰችልኝ። እትዬ «የልጅቷ ወላጆች ከአዲስ አበባ ያዘዙሽ አንቺ ነሽ?» ብለው የቆጮውን ዋጋ ሊሰጧት ሲሉ «አዲስ አበባ ያሉት ጌታ ከፍለዋል» አለቻቸው። እኔ ያላሰብኩትን ቀዳዳ እሷ ደፈነችው።

እንዲያ ሆኖ ቀረ። ዝናብ ካልበረታ በቀር በየሁለት ሳምንቱ ትመጣለች። ጓሮ ካለው ግንድ ላይ ትቀመጣለች፤ እትዬ ውኃ ይሰጧታል፣ አንዳንዴም የተረፈ ምግብ። እኔን አትስመኝም። የያዘችውን ስትሰጠኝ በሁለት እጇ ነው፣ ለባዕድ እንደሚሰጥ። አንድ ቀን እትዬ እጇን አይተው «ጣቶችሽ ቀጭን ናቸው፤ ሹሩባ ትችያለሽ እንዴ?» አሏት።

«ትንሽ ትንሽ።»

«እንግዲያው የዚችን ልጅ ፀጉር ሥሪልኝ። እኔ ወገቤን አሞኛል።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ፀጉሬን የምትሠራኝ እናቴ ሆነች። እሷ ግንዱ ላይ፣ እኔ ከፊቷ መሬት ላይ፣ ራሴ በጉልበቶቿ መሐል። እትዬ ራቅ ብለው እህል ይለቅማሉ። እናቴ ጎንበስ ብላ፣ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ፣ በቋንቋችን «ትበያለሽ?» ትለኛለች። እኔ እግሯን በጣቴ ጫን አደርጋለሁ፤ አዎ ማለቴ ነው። «ይመቱሻል?» ትለኛለች። ጣቴን አነሣለሁ፤ አይ ማለቴ ነው። ከሚያስፈልገው በላይ ቀስ ብላ ነበር የምትሠራው። አንዳንዴ የጨረሰችውን ጉንጉን «ተበላሸ» ትልና ፈትታ እንደገና ትጀምራለች።

እትዬ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ጨዋታ ይወዳሉ። አንድ ቀን ፀጉሬ እየተሠራ ሳለ «ለመሆኑ አንቺ ልጅ የለሽም?» ብለው ጠየቋት።

እጇ ፀጉሬ ውስጥ ቆመ።

«አንዲት ነበረችኝ።»

«ውይ! ምን ሆነች?»

«ርቃ ሄደች» አለች እናቴ።

እትዬ ሞተች ማለቷ መሰላቸው። «እግዜር ያጽናሽ፤ ሌላ ይተካልሽ» አሏት። እናቴ «አሜን» ብላ መጎንጎኗን ቀጠለች። እኔ ጣቴን እግሯ ላይ አደረግሁ። በዚያን ቀን ምንም አልጠየቀችኝም።

ለመስቀል፣ አያቴ ዘንድ ነው ብዬ ስሄድ፣ መንደር ውስጥ እናቴ ናት፤ ትስመኛለች፣ ከጎኗ ታስተኛኛለች፣ ለጎረቤት ሁሉ ታሳየኛለች። ስለ ወልቂጤው ነገር ግን አፏን አትከፍትም። በሁለተኛው ዓመት ይመስለኛል፣ ጓሯችን ውስጥ ብቻችንን ሆነን፣ ይቅር በይኝ ልላት ጀመርኩ። አላስጨረሰችኝም።

«እኔ ለምን የምመጣ ይመስልሻል?» አለችኝ። «ላይሽ ነው። አየሁሽ። ሌላ ምን እፈልጋለሁ?»

ይህን ስትል ሳቅ ብላ ነበር። እኔም ቀለል አለኝ፤ ልጅ ነበርኩና፣ አልከፋትም ብዬ አመንኩ።

ስምንተኛ ክፍል ስደርስ የሚኒስትሪ ፈተና ሁሉን ነገር አስረሳኝ። ጧትም ማታም ማጥናት ነው። አንድ ቀን እትዬ «ያቺ የቆጮ ሴት ጠፋች እኮ» አሉ። ሳስበው ሦስት የገበያ ቀን አልፏል። ዝናብ ነው አልኩ። የወንዙ ሙላት ይሆናል አልኩ። ሄጄ ማየት እችል ነበር፤ ሰው ልልክ እችል ነበር። ሄድ ብል እትዬ ያለ በዓሉ ወዴት ነው ይሉኛል፣ ምን እላለሁ? ይህን እያሰብኩ አራተኛው የገበያ ቀንም አለፈ።

ፈተናው ባለቀ በማግስቱ፣ ረፋድ ላይ፣ አንድ የአባቴ ዘመድ የሆኑ ሽማግሌ በር ላይ ቆመው አየሁ። ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘዋል። እኔን አላዩኝም፤ የወጡላቸው እትዬ ነበሩ።

«የልጅቷ እናት አረፈች» አሉ ሽማግሌው።

እትዬ ደረታቸውን መቱ። «ኧረ ወየው! መቼ? እዚያው አዲስ አበባ?»

«የምን አዲስ አበባ?»

«ያሉበት ነዋ! አባትየው ምንኛ...»

ሽማግሌው ግራ ገባቸው። «አባቷ ከሞተ አሥራ አምስት ዓመቱ ነው፣ እሜቴ። እናቷ ከእኛው ዘንድ ናት። እርስዎ ቤት ቆጮ ይዛ ትመጣ የለ? እሷ እኮ ናት።»

እትዬ ወደ እኔ ዞሩ። ቁጣ ጠብቄ ነበር።

«ፀጉርሽን የምትሠራው?» አሉኝ በቀስታ።

ራሴን ነቀነቅሁ። እትዬ እደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። «እግዜር ያጽናሽ አልኳት» አሉ ለራሳቸው። «ሌላ ይተካልሽ አልኳት።» ከዚያ ገቡ፣ ያንን ጥሩ ነጠላ አወጡ፣ ዘቅዝቀው ለበሱና «ነይ» አሉኝ።

በጭነት መኪና ግማሹን፣ በእግር ግማሹን ሄድን። በመንገድ ላይ ሽማግሌው ነገሩን ነገሩን። እናቴ የወደቀችው ከወር በፊት ነው፤ የጎን ውጋት ነበር። ዘመዶች ልጅቷ ትጠራ ሲሉ «ፈተና ላይ ናት፤ ሳትጨርስ አፍ እንዳታወጡ» ብላ አስምላቸዋለች። ጨርሻለሁ። እሷም ጨርሳለች። ስንደርስ ከቀብር የተመለሰው ሰው ደጃችን ላይ ቆሞ ነበር። አፈሩ እንኳ ሳይደርቅ ደርሼ ፊቷን አላየሁም።

ስለዚያ ልቅሶ ብዙ አላስታውስም። ጮኼአለሁ፣ ሴቶች ይዘውኛል። የማስታውሰው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው፤ ቤት ውስጥ ተቀምጠን፣ ጎረቤቶቻችን ዙሪያዬን ከበው ሲያጽናኑኝ። ከመካከላቸው አንዲቱ፣ አዲስ አበባ የኖረች በመሆኗ፣ ለእንግዳችን ለእትዬ ክብር ብላ በአማርኛ ትናገር ጀመር።

«ልጄ፣ አንቺስ አትዘኚ፤ የእናትሽን ምርቃት ወስደሻል» አለችኝ። «ያልነገረችን አለ? ወልቂጤ ስትሄድ እንዴት እንደምትቀበያት፣ ከትምህርት ቤት ስትወጪ ሮጠሽ እንደምታቅፊያት፣ ለመኳንንቱ ልጆች እናቴ ናት እያልሽ እንደምታስተዋውቂያት። ስትመለስ ሌላ ወሬ አልነበራትም። የኛ ልጆች እንዲህ ባደረጉን እያልን እኮ ነው የምንቀናው!»

ሌሎቹም አማርኛው ባይገባቸውም በቋንቋችን ተቀባበሉት፤ ታሪኩን ሁሉም ያውቁታል። አንዷ በወንበር እንደማስቀምጣት፣ ሌላዋ እግሯን እንደማጥባት አወራች። ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ከዚያ ግንድ ላይ ተነሥታ፣ ያን ሁሉ መንገድ በእግሯ ስትመለስ፣ እናቴ ይህን ስትሠራ ነበር። ወልቂጤ ላይ የእኔን ስም እንደጠበቀች ሁሉ፣ መንደሩም ውስጥ ስሜን ጠበቀችልኝ።

አዲስ አበባ የኖረችው ሴት ወደ እትዬ ዞረች። «እርስዎ ነዎታ፣ ስትመጣ አልጋዎን የሚለቁላት? በመስታወት ብርጭቆ የሚያጠጧት? እግዜር ይስጥልን። ሁሌም ትመርቅዎት ነበር።»

እትዬ እናቴን ከጓሮ በር አሳልፈው አያውቁም፤ ውኃ የሚሰጧት በቅል ነበር። አንገታቸውን ደፉ። ቀና ሲሉ ፊታቸው በእንባ ርሷል።

«አዎ» አሉ። «እኔ ነኝ። እንደ እኅቴ ነበር የማያት። ይህችም ልጅ ከእናቷ ሌላ የምታየው አልነበራትም።»

ሴቶቹ መረቋቸው።

ከሦስት ቀን በኋላ ስንመለስ መኪናው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ወልቂጤ ሲታይ ፊታቸውን ሳያዞሩ «የዋሸሁት ለእሷ ስል ነው፤ ለአንቺ አይደለም» አሉኝ። ሌላ ወቀሳ አልወጣቸውም፤ ለባላቸውም የነገሩ አይመስለኝም። ምግቤን እንደ ወትሮው ይሰጡኝ ነበር። ማውራት ግን ተዉ። እኔ የሌለሁ መስሏቸው ጓሮ ወጥተው ቆመው ሲያለቅሱ አንድ ሁለቴ አግኝቻቸዋለሁ።

ጓደኛዬ ልታጽናናኝ መጣች። አጠገቤ ቁጭ ብላ እጄን ያዘችኝ።

«እናትሽን አንድ ቀን እንኳ ሳላያት» አለች።

«አይተሻታል።»

«የት?»

«ትምህርት ቤቱ በር ላይ።»

ለማስታወስ ሞከረች። ሲገባት እጄን ለቀቀች። «ያን ቀን ስቄባት ነበር» አለች።

«እኔም» አልኳት።

ከዚያ በኋላ አብረን ብዙም አልሄድንም። ተቀያይመን አልነበረም፤ ስንተያይ ያ ቀን በመካከላችን ይቆማል። ፈተናውን አልፌ አዲስ አበባ ገባሁ፤ ኋላም አስተማሪ ሆንኩ። ዛሬ እናቴ ከሞተችበት ዕድሜ በብዙ አልፌአለሁ። አማርኛዬን ሰምቶ የየት አገር ሰው እንደሆንኩ የሚያውቅ የለም፤ እኔ ነኝ ቀድሜ የምናገረው።

የእናቴ ፎቶግራፍ የለኝም። ወልቂጤ ውስጥ በገበያ ቀን ጨርቅ ሰቅሎ፣ ባለ ሦስት እግር ካሜራውን አቁሞ የሚያነሣ ሰው ነበር። ከገጠር የመጡ እናቶችና ልጆች ተሰልፈው ይነሡ ነበር። በአጠገቡ ስንት ጊዜ አለፍኩ። ልጆቼ አያታችን ምን ትመስል ነበር ሲሉኝ፣ ቀጭን ጣቶች ነበሯት እላቸዋለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ስለ ፊቷ ለመናገር ስጀምር፣ በርግጥ የማስታውሰው ይሁን ወይስ እኔ የጨመርኩት፣ መለየት አልችልም።